የድንች ሚዛን

መስከረም 20 ቀን

ለማከብርሽ ለአጎቴ ልጅ፤

ልብሽ፣ ሳንባሽና ጉልበትሽ እንደምን ሰንብተዋል? የእኔ ሦስቱም ደህና ናቸው። ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ሜዳውን ዞሬ፣ ላቤን ሳልጠርግ ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ልጄ ላባ በሰላም እጅሽ መግባቷን ሰምቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። ላባ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣሁላት እኔ እንደሆንኩ ታስታውሺያለሽ። በተወለደች ዕለት አዋላጇ አቅፋ እያመጣቻት "ቀላል ናት" ስትለኝ፣ ሌላ አባት ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ደስ አለኝ።

እንግዲህ አደራዬን በጽሑፍ ላስቀምጥልሽ፤ በቃል የተባለ ይረሳል። የሩጫ ክለቡ ልጄን የወሰደው ለሙከራ ነው። ሚያዝያ ላይ በሚደረገው ማጣሪያ ካለፈች ውል ትፈርማለች፤ ካላለፈች ሻንጣዋን ይዛ ትመለሳለች። ዕድሜዬን ሙሉ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሌላ ሰው ልጆች ሳሯሩጥ የኖርኩት ለዚያች ቀን ነው። ስለዚህ ከምትሠሪበት በርገር ቤት አንድም ነገር አፏ እንዳይገባ። ሯጭና ፋስት ፉድ እሳትና ጭድ ናቸው። ያ ዘይት ሆድ ውስጥ አይቆይም፤ ቀጥ ብሎ ጉልበት ውስጥ ነው የሚገባው።

ሌላው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመዝኚያታለሽ። በቤት ሚዛን አይሆንም፤ የቤት ሚዛን ባለቤቱን ለማስደሰት ይዋሻል። እኔ ሯጮቼን ሁሉ የመዘንኩት የእህል ነጋዴው መጋዘን ሥራ ሳይጀምር ገብቼ፣ ጤፍና በቆሎ በሚመዘንበት ባስኩላ ነው። ነጋዴ ጥቅሙ ስለሆነ ሚዛኑን አያበላሽም። እናንተም ዕቃ የምትመዝኑበት አይጠፋችሁምና በእሱ መዝኚልኝ። ጀርባዋን ለቁጥሩ ሰጥታ ትቁም፤ አንቺ አንብበሽ ለእሷ ትነግሪያታለሽ፣ ለእኔም ትጽፊልኛለሽ። የሚመዘን ሰው ቁጥር አያይም፤ ይህ የቆየ ሥርዓቴ ነው። ቁጥር ያየ ሰው ይከራከራል። ከዚህ ስትነሳ አርባ ስምንት ኪሎ ነበረች።

እናትሽ ደህና ናት። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል እንደያዘች ናት። ጠዋት ጠዋት ወንበሯን በረንዳው ላይ እናወጣላታለን፤ ሻይዋን ሦስት ማንኪያ ስኳር አድርጋ ትጠጣለች። ይበዛል እላለሁ፣ ግን አልከለክላትም። አንቺ ልጄን እንደያዝሽልኝ እኔም እናትሽን እይዝልሻለሁ፤ የዘመድ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ትንፋሽሽ አይጠር፤ እግርሽ አይዛል።

ወንድምሽ፣ አሠልጣኙ


ጥቅምት 14 ቀን

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ እርስዎ ሜዳውን ዞረው እስኪመለሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅዎት። ልቤን፣ ሳንባዬንና ጉልበቴን ስለጠየቁልኝ አመሰግናለሁ። ወገቤን ረስተውታል፤ የሚያመኝ እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ መጥበሻ ፊት ቆሞ ለሚውል ሰው ሳንባ ምን ያደርግለታል?

ላባ ደህና ናት። ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በላይ ስለሆነች ከታች ሙቀት ይመጣል፤ ወለሉም ማሽኖቹ በዞሩ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። አልጋው አንድ ነው። እሷ በግድግዳው በኩል ትተኛለች፤ በእንቅልፏም እግሯ ይሮጣል፣ ሁለቴ ረግጣኛለች። ጠዋት ስትነሳ አልጋውን አንጥፋ፣ ጫማዋን በር ላይ አስራ፣ እኔን ላለመቀስቀስ በጣቷ ቆማ ነው የምትወጣው። ደህና አድርገው አሳድገዋታል።

አሁን ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፤ ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። በርገር በልታለች። እሑድ ረጅሙን ሩጫ ጨርሳ ስትመጣ ፊቷ ላይ ላቡ ደርቆ ጨው ሆኗል፤ ደንበኞቹ እንኳ ዞር ብለው አይተዋታል። አለቃችን ለእያንዳንዳችን በፈረቃ አንድ ምሳ ይፈቅዳል፤ የሰጠኋት ከራሴ ድርሻ ነው። ማዮኔዙን አስቀርቼ፣ ቲማቲምና ሰላጣውን እጥፍ አድርጌ፣ በለስላሳው ፋንታ ውሃ፣ ድንቹን ደግሞ በልጆች ኩባያ። ሥጋ ነው፣ ዳቦ ነው፣ ቅጠል ነው። ሳህን ላይ ተለያይቶ ቢቀርብ እርስዎም ይመርቁት ነበር፤ ተደራርቦ በወረቀት ስለተጠቀለለ ነው የጠሉት።

የክለቡን አሠልጣኝም ጠይቄያታለሁ። ሌላ ጊዜ ደህና እስከበላች ድረስ በሳምንት አንዴ ሁለቴ፣ በተለይ ከረጅም ሩጫ በኋላ፣ ምንም አትሆንም አለችኝ። እኔም ከመጥበሻው ኋላ ሆኜ ብዙ አይቻለሁ ጋሼ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውሎ፣ ማታ ትልቁን ከነለስላሳው፣ በላዩም አይስክሬም የሚያዝ አንድ ሰውዬ አለ፤ ሦስት ደረጃ ወጥቶ ደረቱ ያፏጫል። በብስክሌት ዕቃ የሚያደርሰው ጎረምሳ ግን ያንኑ በርገር በልቶ ዳገቱን ሲወጣ ይዘፍናል። ከአንድ መጥበሻ ነው የወጣላቸው።

ቅዳሜ እንዳዘዙት መዘንኳት። ጓዳችን ውስጥ ድንች በጆንያ ሲመጣ የምንመዝንበት ባስኩላ አለ። ሱቁ ሳይከፈት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ አለቃችን "ይቺን በስንት አመጣሻት?" ብሎ ቀለደ። ሃምሳ አንድ ይላል። ለዓይኔ እንዲያውም የከሳች መስላኝ ነበር። ሚዛኑ ያለው ግን ይህን ነው፤ አልደብቅዎትም።

እማዬን ሳሙልኝ። ስኳሩን አይቁጠሩባት፤ በዚህ ዕድሜዋ የቀራት ጣፋጭ ነገር እሱ ብቻ ነው።

መንገድዎ ሁሉ ሜዳ ይሁን።

እህትዎ


ኅዳር 2 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፤

ልብሽ፣ ሳንባሽና ጉልበትሽ፣ አሁን ደግሞ ወገብሽም፣ እንደምን ሰንብተዋል?

ሦስት ኪሎ። ደብዳቤሽን ቆሜ ነበር ማንበብ የጀመርኩት፤ እዚያ ስደርስ ተቀመጥኩ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ኪሎ። ጡብ አሳዝለሽ ብታስሮጫት ይሻል ነበር፤ ጡብ እንኳ ማታ ይወርዳል።

ለላባ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ። ወፍረሻል አላልኳትም፤ አዋቂ አባት እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አያወጣም። ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን ገመድ በደረቷ ስትበጥስ የተነሳችውን ፎቶ ልኬላት፣ ከጀርባው "ይቺን ልጅ ካየሻት ሰላም በይልኝ" ብዬ ጻፍኩበት። ይገባታል።

ከእንግዲህ ማታ ምግብ የለም። ቀን የተቀቀለ እንቁላል፣ ነጩን ብቻ፤ ግማሽ ድንች ያለ ጨው፤ አንድ ፖም። እሑድ ከሩጫ በኋላ ሞቅ ያለ ውሃ። የክለቡ አሠልጣኝ ምን እንዳለች አትጻፊልኝ፤ የወለድኳት እኔ ነኝ።

የብስክሌተኛውንና የሚያፏጨውን ሰውዬ ነገር አንብቤ ስቄያለሁ። በልጅነትሽም ለሆድሽ ጠበቃ ነበርሽ። ከቡድኔ ያስወጣሁሽ ቀን ምን እንዳልኩሽ አትረሺውም፤ በዚህ ዳሌ የትም አትደርሺም ብዬ ነበር። ይኸው መጥበሻ ፊት ደርሰሻል። በክፋት አይደለም የማነሳው። የምግብ ነገር ስትመክሪኝ ከየት ሆነሽ እንደምትመክሪኝ እንዳትረሺ ብዬ ነው።

ስለ እናትሽ የጻፍሽው አሳሰበኝ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ለአሮጊት ሰው መርዝ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ከሻይዋ አንስተነዋል። መጀመሪያ ላይ ብርጭቆውን እንደያዘች ታቀዘቅዘው ነበር፤ አሁን ትጠጣለች። ለጤናዋ ነው።

እጅሽ ይጠንክር።

ወንድምሽ፣ አሠልጣኙ


ኅዳር 29 ቀን

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ጫማውን አውልቆ ቀስ ብሎ ይግባ። እርስዎን ማስቆጣት አልፈልግም።

ያሉትን ሁሉ አድርገናል። ፎቶውን አልጋው ራስጌ ለጥፋዋለች። ማታ እኔ ስበላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ስለዚህ እኔም ሳህኔን ይዤ ደረጃው ላይ ወጥቼ መብላት ጀምሬያለሁ። ፖሙን ከነእምብርቱ፣ ከነፍሬው ነው የምትጨርሰው፤ እጇ ላይ የሚቀረው እንጨቱ ብቻ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ እንቅልፍ ይወስዳታል። ልምምድ ላይም ኋላ ቀርታለች አሉ።

አሁን ግን የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት፤ ይቀመጡ። አለቃችን የገዛሁት ድንችና የጠበስኩት ድንች አልገናኝ አለኝ እያለ ሲያጉረመርም ከርሞ፣ እኛን ሁላችንንም በሌብነት ዓይን ሲያየን ከርሞ፣ በመጨረሻ ሚዛን ጠጋኝ አስመጣ። ጠጋኙ ባስኩላውን ገልብጦ ከሥሩ የዛገ ብረት አውጥቶ አሳየን። ምንም ነገር ቢጭኑበት ሦስት ኪሎ ጨምሮ ሲናገር ኖሯል። አለቃችን ከፍሎበት ያልተረከበውን ድንች ሁሉ ሲያስብ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ጋሼ፣ ልጅዎ አልወፈረችም። በርገሩን ስትበላ አርባ ስምንት ነበረች፤ ልክ እርስዎ እንደላኳት። እሑድ እሑድ ምሳዬን እየሰጠኋት፣ እየበላችና እየሮጠች፣ አንድ ፍሬ አልጨመረችም። ባለፈው ቅዳሜ በተስተካከለው ሚዛን አርባ አምስት ሆናለች። ጀርባዋን ስታዞር በሹራቧ ላይ የአከርካሪዋን አጥንት መቁጠር ይቻላል።

ለእሷ ገና አልነገርኳትም። ፎቶውን የላኩት እርስዎ ነዎትና፣ ብዪ ልጄ የሚለውንም ከእርስዎ ብትሰማው ደስ ይላታል ብዬ ነው። ያን ቅዳሜ "አርባ ስምንት" ብያት አለፍኩ፤ መልስዎ እስኪደርስ ብቻ። ቶሎ ይጻፉ።

የእማዬንም ስኳር ይመልሱላት።

ደስታ በቤትዎ ይግባ።

እህትዎ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፤

ልብሽ፣ ሳንባሽና ጉልበትሽ እንደምን ሰንብተዋል? መልሴ የዘገየው ሳስብበት ስለቆየሁ ነው።

አትንገሪያት።

ረጋ ብለሽ አስቢው። አርባ ስምንት ነኝ ብላ የምታምን ልጅ በአርባ አምስት ትሮጣለች። አርባ አምስት መሆኗን ያወቀች ዕለት ግን ልቧ ይረካል፤ የረካ ሰው ደግሞ ይበላል። በዚህ ሥራ ላይ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ የረካ ሯጭ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተመልካች መሆኑን ነው። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። አንቺ ሦስት ጨምረሽ ታነቢላታለሽ፤ ለእኔ ትክክለኛውን ትጽፊልኛለሽ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሚዛኑ ራሱ ሲለው የከረመውን ነው የምትደግሚው። ደግሞም አንድ ቅዳሜ ብለሽዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል።

እዚህ አዲስ የመጡ ሯጮች ማደሪያ ስለጠበበን፣ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለእነሱ እንስጥ፣ እናትሽ ወደ ዕቃ ቤቱ ትዛወር የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። የአጎቴን ሚስት ዕቃ ቤት አላስገባም አልኩ፣ ለጊዜው። ስኳሩንም አንቺ ስለለመንሽ ግማሽ ማንኪያ መልሰንላታል። ደስ ብሏት ማንኪያውን ላሰችው።

እንግዲህ የጠየቅሽኝን አድርጌያለሁ። የቅዳሜውን ቁጥር እጠብቃለሁ።

ትንፋሽሽ አይጠር።

ወንድምሽ፣ አሠልጣኙ


ጥር 26 ቀን

ለጋሼ፤

ሰላምታ ለእርስዎ። ሰላምታ ለእማዬም፣ ካነበቡላት።

አርባ አራት። ለእሷ አርባ ሰባት ብያታለሁ።

እንዴት እንደሚሆን ልጻፍልዎት፤ እርስዎ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያገኙት። ጓዳው ይቀዘቅዛል። ባዶ እግሯን፣ በአንድ ካናቴራ ብቻ ባስኩላው ላይ ትወጣለች፤ ፊቷን ወደ ድንቹ ጆንያ ታዞራለች። "ስንት?" ትላለች። እኔ አርባ አራት አይቼ አርባ ሰባት እላለሁ። ትከሻዋ ዝቅ ይላል። "አክስቴ፣ ደግመሽ እይልኝ እስኪ" ትላለች። ደግሜ አያለሁ፤ ደግሜም አርባ ሰባት እላለሁ። ከዚያ አመሰግናለሁ ትለኛለች። ሁልጊዜ አመሰግናለሁ ትለኛለች ጋሼ።

ከልምምድ በኋላ ስለሚበርዳት ሱቃችን መጥታ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ሙቅ ውሃ በወረቀት ኩባያ እሰጣታለሁ። በሙቀት ማቆያው ውስጥ ብዙ የቆየ በርገር ይጣላል፤ የሱቁ ደንብ ነው፣ ሠራተኛም አይበላውም። ስንጥል ዓይኗ ይከተለናል። ትናንት "እኔ ልጣልልሽ" ብላ ተነሥታ ተቀበለችኝ። ቅርጫቱ ላይ ቆማ ወረቀቱን ፈታችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ ደህና አድርጋ ጠቀለለችውና ጣለችው። ከዚያ ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች። ተመልሳ ደግሞ ታጠበች።

በወሩ መጀመሪያ በተደረገው የክለቦች ውድድር አንደኛ ወጥታለች። አሠልጣኟ ግን ሜዳሊያውን ስታጠልቅላት አንገቷን አይታ ምን ትበያለሽ ብላ ጠየቀቻት። ላባ "ሁሉንም" አለቻት። ይህን መልስ ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

የሴት ነገር ለአባት አይጻፍም፤ ግን የምጽፍለት ሌላ ሰው የለኝም። የወር አበባዋ ከኅዳር ጀምሮ ቀርቷል። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ቅልጥሟን ያማታል፤ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ይዛ ነው፣ እኔ ካየኋት ግን እጇን ታነሳለች።

እለምንዎታለሁ፣ በሳምንት አንድ ምሳ። የእኔን ድርሻ። በርገር ካስጠላዎት ዶሮ ይሁን፣ ቆዳውን ገፍፌ። ላሸንፍዎት ብዬ አይደለም። ፋስት ፉድ መጥፎ ነው ካሉ እሺ፣ መጥፎ ይሁን፤ ሌላ ነገርም እኮ አልበላችም።

እማዬ ድሮ በደብዳቤዎ ጫፍ ላይ "ደህና ነኝ" ብላ ትሞነጫጭር ነበር። ለምን ተወች?

እህትዎ


የካቲት 21 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፤

ልብሽ፣ ሳንባሽና ጉልበትሽ እንደምን ሰንብተዋል? የእኔን ልብ ደስታ አስፍቶታል።

አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ። የልጄን አንደኛ መውጣት ከቅርጫትና ከማበጠሪያ መሐል ፈልጌ ነው ያገኘሁት። እንዲህ ያለ ነገር ደብዳቤው አናት ላይ ነው የሚጻፈው። በአርባ ስምንት ስትሮጥ ከኋላ ነበረች፤ በአርባ አራት ሁሉንም ቀደመች። ከዚህ በኋላ ስለ በርገር የሚያከራክር ነገር የቀረ አይመስለኝም።

የወር አበባ መቅረት የሥልጠና ምልክት ነው፤ ሰውነቷ ትርፉን መጣል ጀመረ ማለት ነው። ደህና ደህና ሯጮቼ ሁሉ እንዲህ ሆነውልኛል። ቅልጥሙን የማያመው ሯጭ ደግሞ አልሮጠም። በርገሩን አሽትታ፣ ጠቅልላ ጣለችው ያልሽውን ለሯጭ ልጆቼ ቆሜ አነበብኩላቸው። አጨበጨቡላት። አንዲቷ እንዲያውም አለቀሰች፤ እኔም እንደ ላባ እሆናለሁ አለችኝ።

በሳምንት አንድ ምሳ ያልሽው አይሆንም። ሚያዝያ ላይ አርባ ሁለት ሆና መቆም አለባት። ለእሷ አርባ አምስት ትያታለሽ። አሠልጣኟ መጠየቅ ከጀመረች ደግሞ፣ ሐኪም አይቷታል በያት፤ ለአንቺ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ለምደሽዋል።

እናትሽ የማትጽፈው እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ሰውነቷ ግን ቀለል ብሎላታል። ዳቦውን ከቀነስንላት ወዲህ ከአልጋ ሳነሳት በአንድ እጄ ነው። ለልጅሽ ምን ልበልልሽ ብዬ ስጠይቃት፣ "ያልካትን ታድርግ በልልኝ" አለች። ቃሏ ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

እግርሽ አይዛል።

ወንድምሽ፣ አሠልጣኙ


ግንቦት 1 ቀን

ሰላምታ የለኝም።

ላባ ማጣሪያውን አላለፈችም። ሁለት ዙር ሲቀራት ቅልጥሟ ተሰበረ። የነካት ሰው የለም፤ አልተደናቀፈችም። ከፊት ነበረች። እኔ ከመለያ ገመዱ አጠገብ ቆሜ ስለነበር ድምፁን ሰማሁት፤ የደረቀ ዳቦ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚያም በኋላ ትንሽ ሮጣለች። አንተ ያሳደግካት ልጅ ናትና በተሰበረ እግሯ ሮጣለች።

ሐኪሙ ራጁን አይቶ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። ይህ የወጣት ልጅ አጥንት ነው ወይ አለኝ። ምን ስትበላ ነበር አለኝ። በርገር ቤት ነው የምሠራው አልኩት፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። "ታዲያ ምነው ከዚያ እንኳ በሰጠሻት" አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

የሆስፒታሉ ሚዛን ቁጥሩ ከፊት ለፊት ነው። ነርሷ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ስትመዝናት ጀርባሽን ስጪ አላለቻትም። ላባ አየችው። ወደ እኔ ዞራ "አክስቴ፣ ይሄ ሚዛን ተበላሽቷል" አለችኝ። አልተበላሸም አልኳት። "የእናንተስ?" አለች። የእኛ ተበላሽቶ እንደነበር፣ ኅዳር ላይ እንደተጠገነ ነገርኳት። ቅዳሜዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ስትመልሳቸው ከዓይኗ አየሁት። "አባዬ ያውቃል?" አለችኝ።

ደብዳቤዎችህን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። "አትንገሪያት" የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት። እኔ ምን ላድርግ፣ እናቴን ይዞብኝ ነው አልኳት። "እኔንም እኮ አንቺ ይዘሽኝ ነበር" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በርገር ይዤላት ሄድኩ። ሙሉውን፣ ከነማዮኔዙ፣ ከነትልቁ ድንች። ሞቅ እንዳለ እንዲደርስ ከኮቴ ውስጥ አቅፌው ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት። አንዴ ገመጠች። አኘከችው፣ አኘከችው፣ መዋጥ አቃታት። ወረቀቱ ላይ መልሳ ተፋችውና ደህና አድርጋ ጠቀለለችው። "ጣይው" አለችኝ፣ "ሰዓቱ አልፎበታል።"

ከእንግዲህ እኔ ጋ አትመጣም፤ አሠልጣኟ ቤት ነው የምትገባው። አንተም ጋ አትመለስም። ይህን ንገሪው ያለችኝ እሷ ናት። ፎቶውን ከአልጋው ራስጌ ነቅዬ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ያቺን ልጅ ካየሃት ሰላም በልልኝ።

ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እናቴን ልወስዳት እመጣለሁ። እስክመጣ ስኳሯን ስጣት። ሦስት ማንኪያ።


ሰኔ 3 ቀን

ለማከብርሽ ለአጎቴ ልጅ፤

ልብሽ፣ ሳንባሽና ጉልበትሽ እንደምን ሰንብተዋል? የእኔ ሦስቱም ደህና ናቸው። ሰው ሲደነግጥ ጠባዩን ይስታልና፣ አንተ ብለሽ መጻፍሽን አልቆጠርኩብሽም።

ልትመጪ መሆኑን ለእናትሽ ነግሬያታለሁ። ልብሷን በፌስታል ቋጥራ በር ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ የዕቃ ቤቱ በር ላይ፣ ክፍሉን ለአዲሶቹ ሯጮች ስለሰጠነው። ጥላው ተስማምቷታል። መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ልትነሳ ትሞክራለች፤ ይህም አንድ ስፖርት ነው። ስኳሩን እንዳልሽው ሦስት ማንኪያ አድርገን ሰጠናት። ቀመሰችውና "ምን አደረጋችሁበት?" ብላ ብርጭቆውን መለሰችው። እንግዲህ አንቺም አየሽ፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ላባ አልመለስም አለች ያልሽውን አላመንኩም። የተሰበረ ሰው ብዙ ይናገራል። አጥንት ይገጥማል፤ ቀጣዩ ማጣሪያ ደግሞ በመጪው ሚያዝያ ነው። ፎቶውን መልሼ ልኬዋለሁ። የትም ትግባ የት፣ ወስደሽ ራስጌዋ ላይ ለጥፊላት።

አንድ ነገር ብቻ ከደብዳቤሽ ጎድሎብኛል። ሐኪሙ ያለውን፣ ነርሷ ያደረገችውን፣ በርገሩን በኮትሽ አቅፈሽ መሳፈርሽን ሳይቀር ጻፍሽ፤ የሆስፒታሉ ሚዛን ስንት እንዳለ ግን አልጻፍሽም። ሦስት ጊዜ አገላብጬ ፈለግኩት። በመልስሽ ቁጥሩን ላኪልኝ። የመዘኗት ጄሶ ካደረጉላት በኋላ ከሆነ፣ የጄሶውን ክብደት ጠይቀሽ ቀንሺው።

ወንድምሽ፣ አሠልጣኙ